የበግ ልብና አንድ ማንቆርቆሪያ ውኃ

ሐዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ አንስቶ ልብን የማስተምረው በጥቁር ሰሌዳ ነበር። በቀለም ጠመኔ አራት ክፍል እሥላለሁ፤ ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ፤ ፈተና ላይ ግን ቀኝና ግራውን ያምታታሉ። ባለፈው ዓመት እውነተኛ ልብ ይዤ ለመግባት ወሰንኩ።

መጀመሪያ ፒያሳ አካባቢ የበሬ ልብ ገዛሁ። ቤቴ ወስጄ ስፈታው በቢላዋ ተሰንጥቋል። ባለ ሥጋ ቤቱን ብጠይቀው፣ «መምህር፣ ቄራ ላይ ሐኪሞቹ የኮሶ ትል እንዳለበት ለማየት ይሰነጥቁታል» አለኝ። ወደ በግ ዞርኩ። የበግ ልብ ከሰው ልብ ቢያንስም ክፍሎቹና ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉት በሮቹ ተመሳሳይ ናቸው። ሆኖም ሲያወጡልኝ ከልቡ አናት የሚነሳውን ወፍራም ቧንቧ፣ አኦርታን፣ ከሥሩ ስለቆረጡት በሩ አብሮ ሄደ። በሦስተኛው ጊዜ ራሴ አጠገባቸው ቆሜ «ከላይ ሦስት ጣት ያህል ተዉልኝ» አልኩ። (ረቡዕና ዓርብ መሄድ ትርፉ ድካም ነው።)

ክፍል ውስጥ ቢላዋ ከማንሳቴ በፊት ልቡን በየተራ አስጨበጥኳቸው። አንዱ ጎን ለስላሳ፣ ሌላው ጠንካራ ነው። ጠንካራው ግራ ነው። ቀኙ ደሙን አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ብቻ ይገፋል፤ ግራው እስከ እግር ጣት ድረስ ይልካል። በሰውም የግራው ታችኛ ክፍል ግድግዳ ከቀኙ ሦስት እጥፍ ገደማ ይወፍራል። እጃቸው ከለየው በኋላ ማምታታቱ ቀረ።

ከዚያ የልቡን ጫፍ ቆርጬ ቀጥ አድርጌ ያዝኩትና አንዲት ተማሪ አኦርታው ውስጥ ውኃ ቀዳች። ውኃው በታች በኩል ሾልኮ ወረደ። ደነገጥኩ። ጣቴን ብሰድ የረጋ ደም በሩ ላይ ተቀርቅሯል። አጥበን ደግመን ስንቀዳ የበሩ ሦስት ስስ ከረጢቶች በውኃው ተነፍተው እርስ በርስ ገጠሙ፤ ውኃውም ቆመ። ሐኪም በማዳመጫ የሚሰማው ሁለተኛው የልብ ድምፅ ከዚህ መዘጋት የሚመጣ ነው።

ቢሆንም ውኃው ቀስ እያለ ይጎድል ነበር። በሩ ያፈስሳል ብዬ ብዙ ደክሜያለሁ። ለካስ ከበሩ ከፍ ብለው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ልብ የራሱን ጡንቻ የሚመግብባቸው ደም ቅዳዎች መነሻ ናቸው። ሳንባ ኦክስጅን ሰጥቶ የመለሰው ደም ከልብ ሲወጣ የመጀመሪያው ድርሻ ለራሱ ለልብ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከተደፈነ ጡንቻው ምግብና ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። ይህንን ለዓመታት በቃል ሳስተምር ኖሬ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አንድ ልጅ «በሩ ባይዘጋስ?» ሲል ጠየቀ። በመቀስ የአንዱን ከረጢት ጫፍ ቆረጥኩ። ውኃው ተመልሶ ወረደ። አጋጣሚውን ተጠቅሜ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ምን እንደሚያስከትል ነገርኳቸው፦ በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ሲመጣ፣ ሰውነት እሱን እዋጋለሁ ብሎ የገዛ ልቡን በሮች ሊያቆስል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር ነው። በጊዜው ጤና ጣቢያ ሄዶ ፔኒሲሊን መውሰድ ይከላከለዋል፤ እንጥል ማስቆረጥ አይከላከለውም። ይህንን ስናገር ሦስት ልጆች ቀና ብለው ተያዩ።

የተቆረጠው ልብ ለቀጣዩ ክፍል አላገለገለም። አሁን ሁለት እገዛለሁ፤ መቀሱንም የማወጣው ለመጨረሻው ክፍል ነው።