ዲሽ ከማዞራችሁ በፊት ሪሲቨሩን ገልብጡት

ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ልታዞሩ ነው? በተለይ ክፍለ አገር ላሉ ወላጆቻችሁ? እንግዲያው ዲሹን አትንኩ። ኤልኤንቢ (ሳህኑ ፊት ለፊት የሚሰካው ሲግናል ተቀባይ) አትግዙ። ባለሙያም አትጥሩ። መጀመሪያ ሪሲቨሩን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ይህን የሚነግረን ሰው ጠፍቶ ነው የእማዬ ብር ደብረ ብርሃን ላይ እንደ ዋዛ የተበተነው።

ኢትዮሳት በ2012 ዓ.ም. ሲጀመር ደስ ብሎኝ ነበር። የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማህበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ተስማማ። ጣቢያዎቻችን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ በምትገኘው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት አንድ ላይ ተሰበሰቡ። እያንዳንዱ ጣቢያ ለብቻው ዶላር ፈልጎ የሳተላይት ኪራይ ከሚከፍል አንድ ላይ ቢገዙ ይሻላል። እሱን አልቃወምም። ጣቢያዎቹ ተራ በተራ ናይልሳትን ሲለቁ ግን የተመልካቹን ወጪ ማን አሰበው? በየጣቢያው የምንሰማው ዲሻችሁን አዙሩ የሚል ብቻ ነበር። ማዞር ብቻ በቂ እንደሆነ ነው የገባን።

እማዬ ቴሌቪዥንን የምታውቀው ገና ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ይተላለፍ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ነው። ጥቅምት 1957 ሲጀመር ልጅ ነበረች፤ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት እየሄደች በሰው መስኮት ነው ያየችው። አያቴ ደግሞ የሬዲዮ ሰው ነበሩ። ማታ ማታ ዶቼ ቬለን፣ ከ1975 ወዲህ ደግሞ የአሜሪካ ድምፅን፣ ድምፁን ቀንሰው ጆሯቸውን ለጥፈው ይሰሙ ነበር። በደርግ ጊዜ ጮክ አድርጎ የሚሰማ ደፋር አልነበረም። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይጨምርላቸዋል። ሬዲዮኑ ዳንቴል ለብሶ ነው የሚውለው። እኛ ልጆች አንነካውም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ በተመሠረተ ሰሞን ቴሌቪዥን ባለ ቀለም ሲሆን የጎረቤታችን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን አልጠፋም። ያው ዜና በጥቁርና ነጭ ይታይ ነበር። በ1992 ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲመጣም የአያቴ ሬዲዮ ኤፍ ኤም አልነበረውም፤ ግን የለመዱትን ጣቢያ በመካከለኛ ሞገድ መስማታቸውን ቀጠሉ። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ወዲያው አይሞትም ነበር። አሁን ግን እማዬ ማታ ተኝታ ጠዋት ስትነሳ ስክሪኑ ጥቁር ነው። «ሲግናል የለም» ይላል። እሷ ደግሞ መብራት ኃይልን ነው የወቀሰችው።

ደወለችልኝ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ሰፈር ያለ ዲሽ ሠሪ እንድትጠራ ነገርኳት። ሰውየው መጣ፤ ሳህኑን አዞረ። ከዚያ ስልክ ላይ አገናኘችኝ።

«እህቴ፣ ስትሬንግዙ አሪፍ ነው፤ ኳሊቲው ነው እምቢ ያለው። ኤልኤንቢው ሞቷል።»

ተገዛ። እምቢ። «ማዘር፣ ገመዱ አርጅቷል» አለ። አዲስ ገመድ ከዲሹ እስከ ሳሎን ተዘረጋ፤ ለዚሁ ግድግዳ ተበሳ። አሁንም እምቢ። በመጨረሻ «90 ሳንቲ ሜትር ሳህን አይችልም፤ 120 ያስፈልጋል» አለ። እማዬ በየመጣ ቁጥር ቡና ታፈላለታለች፣ ዳቦ ትቆርስለታለች። እሱም ቡናውን እየጠጣ ሌላ ዕቃ ያዛታል። ትልቁ ሳህን ከነቋሚ ብረቱ ተገዝቶ ግቢው መሀል ተተከለ። ስክሪኑ ያው ጥቁር።

እስካሁን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ስትሬንግዝ ማለት በአብዛኛው ኤልኤንቢውና ገመዱ እንደሚሠሩ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ዲሹ ግድግዳ እያየም ከፍ ሊል ይችላል። ሳተላይቱ መያዙን የሚነግራችሁ ኳሊቲ ነው። ስትሬንግዙ ጥሩ ከሆነ ታዲያ ገመዱን ምን ብሎ ያስቀይራል? በዚህ ሥራ የሚተዳደር ሰው ይህን አያውቅም ብዬ ማመን አልቻልኩም። አውቆም ከሆነ እግዜር ይፍረድ።

ቅዳሜ ሄድኩና ሪሲቨሩን ፌስታል ውስጥ ጨምሬ ወደ አዲስ አበባ ይዤው ተመለስኩ። መርካቶ ያለ ሻጭ ሳይሰካው፣ ገልብጦ አይቶ ብቻ ሳቀ። «ይሄ እኮ ኤስ ቱ አይደለም፤ ለአንድ ዓመት ብታዞሪውም አይዝልሽም!» የኢትዮሳት ስርጭት ዲቪቢ ኤስ 2 በሚባለው አዲሱ ዘዴ ነው የሚመጣው። የእማዬ ሪሲቨር የናይልሳትን አሮጌ ስርጭት እንጂ ይህን መፍታት አይችልም። ጀርባው ላይ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ቀዳዳ ብቻ ካለ፣ ኤችዲኤምአይ ከሌለው፣ በብዛት አሮጌው ነው። ዲሽ ሠሪው ሪሲቨሩን በእጁ ይዞ ነበር እኮ ቻናል ሲፈልግ የዋለው!

ኤችዲ ሪሲቨር ገዛሁ። ስትገዙ ቢጫ፣ ቀይና ነጩም እንዲኖረው ጠይቁ። ወላጆች ቤት ያለው ቴሌቪዥን ኤችዲኤምአይ የሌለው የድሮው ሆደ ትልቅ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የማዞሩ ሥራ። ናይልሳት ከኛ በስተምዕራብ ዝቅ ብሎ፣ ከአድማስ 36 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ኢትዮሳት ግን ወደ ደቡብ ባጋደለ ምሥራቅ፣ ከ66 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ስለዚህ ሳህኑ ከቀድሞው በጣም ማንጋጠጥ አለበት። ዓይናችሁን አትመኑ። ኤልኤንቢው ከሥር የሚሰካበት ሳህን ፊቱ ከሚያሳየው አቅጣጫ ከፍ ያለውን ሰማይ ነው የሚያየው። ሌላው ማንም የማይናገረው ነገር የኤልኤንቢው አንገት ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ኤልኤንቢውን ራሱንም በማቀፊያው ውስጥ በደንብ ማሽከርከር ያስፈልጋል። ሳህኑን ብቻ አዙሮ ኤልኤንቢውን እንደነበረ የሚተው ሠሪ ቢያገኘው እንኳ ደካማ ኳሊቲ ነው የሚተውላችሁ፤ ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል። የእኛው ኳሊቲ አንገቱ ሲዞር ነው የጨመረው። እኔ ግቢ ውስጥ፣ የወንድሜ ልጅ ሳሎን ውስጥ።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

በልጅነቴ ጣሪያ ላይ የወጣውን አንቴና ስናዞር የምንጮኸው ይህንኑ ነበር። ያኔ ግን ምስሉ በረዶ እየመሰለም ቢሆን ይታያል፤ እየጠራ ሲሄድ ታውቁታላችሁ። የዘንድሮው ወይ አለ ወይ የለም። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ፣ ለጥቂት ሰከንድ እየጠበቃችሁ አንቀሳቅሱ። ሲይዝ ብሎኑን ክፉኛ አጥብቁት፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ ቀልድ አያውቅም።

እንዲህ ሆኖ በ90ው ሳህን ሠራ። በአሮጌው! 120 የተባለው ሌላ ሥራ ስላልነበረው ወደ ናይልሳት አዞርነውና ልጆቹ የዓረብ ቻናሎች ላይ ፊልም ያዩበታል። ሁለቱን ዳይሴክ በምትባል ትንሽ ማቀያየሪያ አገናኘናቸው። ለዚህ ነው ማስታወቂያው አዙሩ ቢልም እኔ አቅም ያለው ሰው ይጨምር እንጂ አያዙር የምለው። ነገ ደግሞ ወደ ሌላ ሳተላይት ሂዱ ቢሉን ምን ዋስትና አለ?

እማዬ አሁን የሁለት ሰዓት ዜናዋን ታያለች። ሪሞቱ ላይ ከድምፅ፣ ከቻናልና ከማጥፊያው በቀር ሌላውን ቁልፍ ሁሉ በፕላስተር ሸፍኜዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ሜኑ ውስጥ ከገባች መውጫው ይጠፋታል። ሬዲዮኗንም አላስጥላትም። መብራት ሲሄድ ያ ሁሉ ሳህንና ሪሲቨር ዋጋ የለውም፤ እሷም ዜናዋን ከሬዲዮ ታገኛለች።

ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ የለጠፍኩት ይህን ነው፦ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000። ቁጥሩ ቢቀየር ሪሲቨሩ ራሱ እንዲፈልግ ብላይንድ ስካን የሚለውን ተጫኑ። ያኔም ካልያዘ ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት የጎረቤት ሪሲቨር ተውሳችሁ ሞክሩ።