ዓይንን ካዩት ነገር ላይ መንቀል የሚማረው አንጎል፦ የአራት ወር ማስታወሻዬ

እህቴ ከወለደች ወዲህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚገኘው ቤታችን፣ የሕፃናት የዓይን እንቅስቃሴ ከአንጎል እድገት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ እያነበብኩ፣ ያነበብኩትን ከልጇ ጋር እያስተያየሁ በደብተር መዝግቤያለሁ። ይህን ትምህርት አብራችሁኝ ለጀመራችሁ ጓደኞቼ ከማስታወሻዬ የጠቀመኝን አካፍላለሁ። ሙከራዎቹን ያደረግሁት ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሕፃኗ ወተት ጠጥታ ነቅታ በምትጋደምበት ማለዳ ነው።

በ3ኛው ሳምንት ቀይ የክር ኳስ ከፊቷ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቄ ወደ ጎን ሳንቀሳቅሰው፣ ዓይኗ ወደ ኋላ እየቀረ በትንንሽ ዝላይ ይከተለው ነበር፤ እኔም «በደንብ አይታያትም» ብዬ ጻፍኩ። የሚንቀሳቀስን ነገር ሳይቆራረጥ መከተል እስከ 6ኛውና 8ኛው ሳምንት ድረስ ገና ደካማ እንደሆነ ሳነብ ግን ፍርዴን ሰረዝኩ፤ ኳሱን ይበልጥ ቀስ ሳደርገውም ክትትሏ ተሻሻለ።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ የ2ኛው ወር ነው። ልጅቷ የመጋረጃው ጥለት ላይ ዓይኗን ትተክልና እናቷ በጎን ስትጠራት እንኳ ሳትነቅል ትቆያለች፤ አያቷም «ልጄን ምን አፈዘዘብኝ?» እያሉ ይጨነቁ ነበር። የሕፃናትን አንጎል እድገት የሚያጠናው ተመራማሪ ማርክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረበው ማብራሪያ መሠረት፣ በመጀመሪያ ዓይንን ወደ አዲስ ነገር የሚያዞረው በመሃል አንጎል ያለው ሱፒሪየር ኮሊኩለስ ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ ግን ከአንጎል ቅርፊት ተነሥቶ በቤዛል ጋንግሊያ (እንቅስቃሴን ለመቆጣጠር በሚረዱ የአንጎል ውስጥ ክፍሎች) በኩል የሚያልፍ መስመር ይህን ክፍል ይገታዋል፤ ግታቱን እንደ አስፈላጊነቱ የሚያላሉት የቅርፊቱ ክፍሎች ግን ገና አልበሰሉም። ስለዚህ ልጅቷ ጎኗን ያልተመለከተችው ስላላየች ሳይሆን ካየችው ነገር መላቀቅ ስለከበዳት ነው። ይህንንም በቀላሉ ፈተንኩት፦ የምታየውን ሥዕል በነበረበት ትቼ ኳሱን በጎን ሳሳያት ዘገየች፤ ሥዕሉን አስቀድሜ ስሰውረው ግን ወዲያው ዞረች። አያቷም ይህን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ተረጋጉ።

አልፎ አልፎ ዓይኖቿ ሲንሸዋረሩም ደንግጠን ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ የተለመደ ሲሆን፣ ከ4ኛው ወር በኋላ ከቀጠለ ወይም ከመነሻው አንድ ዓይን ዘወትር ዞሮ ከቀረ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

አሁን 4ኛ ወሯን ይዛለች፤ ሥዕሉ ሳይነሣም ወደ ኳሱ ትዞራለች። ባለፈው ሳምንት ኳሱን በቀኝና በግራ እያፈራረቅሁ ሳሳያት፣ ከ10 ጊዜ በ3ቱ ኳሱ ከመታየቱ በፊት ዓይኗ ወደሚወጣበት ጎን ቀድሞ ደረሰ።