የቤን ቺፍሊ ከሰል

ስለ ቤን ቺፍሊ ሳስብ ከአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ይልቅ የእሳት አንዳጅ አካፋው ይቀድምብኛል። እ.ኤ.አ. በ1885 በአውስትራሊያዋ ባትኸርስት ከአንጥረኛ ቤተሰብ ተወለደ። በ1903 የኒው ሳውዝ ዌልስ ምድር ባቡር ገባና በሎኮሞቲቭ ጋራዥ በተላላኪነት ጀመረ። በ1914 ባቡር ነጂ ሆነ።

በእንፋሎት ባቡር ላይ እሳት ማንደድ ትልቅ ሙያ ነው። ከሰሉ ባንዴ ከተቆለለ አየር አያሳልፍም፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ የእንፋሎቱ ግፊት ይወርዳል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እያሉ፣ ቶሎ ቶሎ፣ እሳቱ ወደሳሳበት መጣል ያስፈልጋል። ዓይን ደግሞ ከውሃ መለኪያው መስታወት አይለይም። ውሃው ጎድሎ የእሳት ሳጥኑ ጣሪያ ከተራቆተ ብረቱ ግሎ ይለሰልሳል፤ ውሃው የሚፈላበት ቦይለርም ሊፈነዳ ይችላል። ዳገትና ቁልቁለት ላይ ውሃው ወደ አንድ ጫፍ ስለሚያዘነብል መስታወቱ ራሱ ያሳስታል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው በትክክል የሚያነበው።

በ1917 የምድር ባቡሩ አስተዳደር በጥገና ወርክሾፖቹ እያንዳንዱ ሥራ የፈጀውን ጊዜ በካርድ መመዝገብ ጀመረ። ካርዱን የሚሞላው አለቃው ነበር። ኦገስት 2 ሲድኒ ባሉት የራንድዊክና የኤቨሊ ወርክሾፖች የተነሳው አድማ ነጂዎችንና የከሰል ማዕድን ሠራተኞችን ጭምር አስከትሎ ተሸነፈ። ቺፍሊ ከሥራ ተባረረ። ይግባኝ ብሎ ሲመለስ ወደ አንዳጅነት ዝቅ ተደርጎ ነበር፤ ራሱ ላሠለጠናቸው ሰዎች ከሰል አካፋ። የአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተሉንም አጣ። ምድር ባቡር ውስጥ ዕድገት የሚገኘው በዚያ ተራ ስለነበር ይህ ከደመወዝ ቅጣት ይብስ ነበር። መብቱ የተመለሰው በ1925 ነው። ያኔ ለአድማኞቹ ጥቂት ይቅርታ ቢደረግ ኖሮ ፓርላማ እንደማይገባ ኋላ ራሱ ተናግሯል፤ እኔም አምነዋለሁ።

በ1928 በሌበር ፓርቲ ተመረጠ፣ በ1931 መቀመጫውን አጣ፣ በ1940 ተመለሰ። በ1941 የገንዘብ ሚኒስትር፣ በ1945 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ልቤን የሚከብደው 1949 ነው። ጁን 27 ወደ 23,000 የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ መቱ። የቺፍሊ መንግሥት የማኅበራቱ ገንዘብ ለአድማው እንዳይውል በሕግ አገደ፤ መሪዎች ታሰሩ። ኦገስት 1 ወታደሮች ከሰል ሊያወጡ ገቡ። ከሰል ሲቋረጥ መብራቱም፣ ፋብሪካውም፣ ባቡሩም እንደሚቆም ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የተባረረ አድማኛ ቤቱ ምን እንደሚገጥመውም እንዲሁ። ሁለተኛውን እያወቀ ወታደር መላኩን ይቅር ለማለት እቸገራለሁ።

ማዕድን ሠራተኞቹ ኦገስት 15 ወደ ጉድጓዱ ተመለሱ። ዲሴምበር 10 ቺፍሊ በምርጫ ተሸነፈ።