ለዘበኛ የተሰጠ ቁልፍ

የምሠራው ባለቤቶቻቸው ውጭ አገር የሚኖሩ የኮንዶሚኒየም ቤቶችን በውክልና ተረክቦ በሚያከራይ አነስተኛ የአዲስ አበባ ቢሮ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ከደነገገ ወዲህ ከተከራይ የምንይዘው ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ፣ ቤት ሲለቀቅ ተቀናሽ የሚሆነውን ሁሉ አጥብቄ መፈለግ ልማዴ ሆኖ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. አንዲት መምህርት ባለ ሁለት መኝታውን ቤት ከሰኔ 30 በፊት እንደሚለቁ በጊዜው አሳወቁን። ዕቃቸውን የጫኑት እሑድ ሰኔ 29 ቀን ስለነበርና ቢሮው ዝግ ስለሆነ፣ ቁልፉን ለብሎኩ ዘበኛ ሰጥተው ሄዱ። ዘበኛው ደግሞ በማግስቱ የዘመድ ለቅሶ ደርሶባቸው ወደ አገር ቤት ሲሄዱ ለተተኪያቸው ምንም አልነገሩም።

እኔ ቤቱን ለማየት የሄድኩት ሐምሌ 8 ቀን ነው። በሩ ተቆልፎ፣ ቁልፉም ጠፍቶ ስላገኘሁት ለመምህርቷ ስልክ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ቁልፉን ለዘበኛው ካስረከብኩ ቆየሁ» አሉኝ፤ ተተኪው ዘበኛ ግን አላየሁም ስላለኝ አላመንኳቸውም። ሠራተኛ አስመጥቼ የበሩን የቁልፍ ሲሊንደር በ2,500 ብር አስለወጥኩ፤ ወርኃዊ ኪራዩ 18,000 ብር ስለነበር የስምንት ቀን ብዬ 4,800 ብር ደመርኩበት፤ ግድግዳው ላይ ላሉት የሚስማር ቀዳዳዎችም የቀለም ዋጋ ጨምሬ የተቀናሽ ደብዳቤ ላክሁላቸው። አሁን ሳስበው፣ ደብዳቤውን ስጽፍ የተሰማኝ ትጋት ያሳፍረኛል።

ሐምሌ 11 ቀን ዘበኛው ተመለሱ። ቁልፎቹን፣ የበሩንም የዕቃ ማስቀመጫውንም፣ በመሐረብ ጠቅልለው ከኮታቸው ኪስ አወጡና «ልጄ፣ አደራ ነው ብዬ ይዤው ሄድኩ» አሉኝ። ከቁልፎቹ ጋር ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ታስሯል፤ መምህርቷ የለቀቁበትን ቀንና ሰዓት፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪውንም ንባብ ጽፈው ፈርመውበታል። የውሃ ሂሳብ ወሩ ካለፈ በኋላ ስለሚመጣ የሚወጣውንና የሚገባውን ተከራይ ፍጆታ ለመለየት ሁልጊዜ የምንቸገርበትን ጉዳይ ያቺ ወረቀት ፈታችልን። ቢሮአችን ይህን የሚሞላበት ቅጽ አልነበረውም።

ወደ ውላችን ተመልሼ ሳነብ፣ ወረዳ ያስመዘገብነው ሰነድ ስለ ኪራዩ መጠንና ስለ አከፋፈሉ በዝርዝር ሲናገር፣ ቁልፉን ማን፣ የት፣ በምን ማረጋገጫ እንደሚረከብ አንድም ቃል የለበትም። የቀለሙንም ዋጋ ቢሆን ልናስከፍላቸው አልቻልንም፤ መምህርቷ ሲገቡ ግድግዳው ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ፎቶግራፍ አልነበረንም፣ እሳቸውም «ሚስማሩ ስገባ የነበረ ነው» ብለዋል። ውጭ ያሉት ባለቤት በስልክ ቢቆጡም የማሳያቸው ማስረጃ አልነበረኝም።

ደብዳቤውን ሽሬ፣ የሰኔን የውሃና የመብራት ሂሳብ ብቻ ቀንሼ ቀሪውን ለመምህርቷ በባንክ አስገባሁላቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኋቸው። ከዚያ በኋላ የርክክብ ቅጽ አዘጋጀን፤ የቁልፎቹ ብዛት፣ የሁለቱ ቆጣሪዎች ንባብና የእያንዳንዱ ክፍል ፎቶግራፍ ሲገባም ሲወጣም ይያዛል፤ ዘበኞችም የሚያስፈርሙበት መዝገብ ተሰጣቸው። የሲሊንደሩን 2,500 ብር ሥራ አስኪያጁ ከእኔ ደመወዝ በሁለት ወር ቆረጡት።