ሐረር ላይ ዘናጭ ማደሪያ እንዴት መረጥን

ለቅዳሜና እሁድ ሐረር እንሂድ ያለችው ባለቤቴ ናት። ማደሪያ መፈለጉ ግን እኔ ላይ ወደቀ። ያዘዘችኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ቤቱ ዓይን የሚማርክ ይሁን፣ መታጠቢያው ደግሞ ሩቅ አይሁን። ሲሰሙት ቀላል ነው። ሐረር ላይ ግን ሁለቱ ባንድ ጣራ ሥር በቀላሉ አይገኙም።

አሮጌውን ከተማ፣ ጀጎልን፣ ከሚከብበው ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ በኩል፣ መኪና ማቆሚያና ሬስቶራንት ያላቸው ሆቴሎች አሉ። ሻወሩም ክፍል ውስጥ ነው። አብዛኞቹን ግን አንስታችሁ አዳማ ብታቆሟቸው ማንም ልዩነቱን አያውቅም። ያው መስታወት፣ ያው ቡኒ ሶፋ፣ ያው አልጋ ላይ ወፍ መስሎ የተጠቀለለ ፎጣ። ግንቡ ውስጥ ደግሞ የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች አሉ። ጥቂቶቹ እንግዳ ያሳድራሉ። ውበቱ ያለው እዚያ ነው። መታጠቢያው ግን ብዙ ጊዜ ግቢ ውስጥ፣ በጋራ ነው።

በፎቶ ብቻ ሆቴል መምረጥ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ሌላ ከተማ ያረፍንበት አንድ ሆቴል፣ ስሙን ልተወው፣ በፎቶው ቤተ መንግሥት ነበር። ክፍላችን ከሰርግ አዳራሹ በላይ መሆኑን የነገረን ግን የለም። የሙሽሮቹ ትዳር ይባረክ፤ ዲጄው ግን እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። ኮከብም ቢሆን ብዙ አይነግረኝም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ሆቴሎችን በኮከብ መመደብ ሲጀምር ጥሩ ሥራ ነው ብያለሁ። ኮከብ ግን አገልግሎቱንና መሣሪያውን ይቆጥርልሃል እንጂ ጠዋት መስኮት ስትከፍት ምን እንደምታይ አይነግርህም።

ስለዚህ መጀመሪያ የከፈትኩት ካርታ ነው። ጀጎል ውስጥ መኪና የሚገባባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። መሃል ላይ እስካለው አደባባይ፣ ፈረስ መጋላ ድረስ በባጃጅ ትደርሳለህ፣ ከዚያ ወዲያ ሻንጣህን ይዘህ በእግርህ ነው። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት አለው፣ አንዳንዱ መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። የሻንጣ ጎማ እዚያ አይሠራም። እናም ለእያንዳንዱ ቤት ከፈረስ መጋላ ያለውን ርቀት አየሁ። ከዚያ እንግዶች የጻፉትን አስተያየት አነበብኩ፣ የቅርብ ጊዜውን ብቻ። «በጣም ደስ ይላል» የሚለውን ዘልዬ «ውሃ»፣ «ድምፅ»፣ «ደረጃ» የሚሉትን ፈለግኩ። ፎቶም ካየሁ እንግዶቹ በስልካቸው ያነሱትን ነው። ባለቤቶቹ የሚለጥፉት ላይ ጠባቡም ክፍል የኳስ ሜዳ ያክላል።

ትልቁ ጉዳይ ውሃ ነው። ሐረር በአንድ ወቅት ውሃ የሚመጣላት ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ደረቀና ከተማዋ በድሬዳዋ በኩል ካለ የከርሰ ምድር ውሃ በቧንቧ መሳብ ጀመረች። ያ ሁሉ መንገድ አለው። አንድ ቦታ ደወልኩ፤ ጥያቄዬን ሳልጨርስ «ሃያ አራት ሰዓት አለ፣ ችግር የለም» አለኝ ልጁ። ሁለተኛው ቤት ስደውል ያነሱት ጠና ያሉ እናት ናቸው።

«እናቴ፣ ውሃ በየቀኑ አለ?»

«በየቀኑስ አይመጣም ልጄ። ሲመጣ እንሞላለን።»

«የምትሞሉት ይበቃል?»

«ሮቶ አለን፣ ለእሱ አታስብ። ሙቅ ከፈለጋችሁ ግን ቀደም ብላችሁ ንገሩኝ።»

እዚህ ላይ ልቤ አረፈ። ችግሩን የሚያውቅ ሰው መፍትሔውንም ይዟል። መታጠቢያው ለሁለት ክፍል የጋራ እንደሆነ፣ ሌላኛው ክፍል ግን በዚያ ሳምንት እንዳልተያዘ ነገሩኝ። ቤቱን በቪዲዮ እንዲያሳዩኝ ለመንኩ፤ የልጅ ልጃቸው ስልኩን ይዛ ከግቢው በር እስከ መታጠቢያው ቀረጸችና በቴሌግራም ላከችልኝ። ባለቤቴ ሁለቴ አየችውና «ያዘው» አለች። ቀብዱን በቴሌብር ላክሁ።

ቤቱን ላሳያችሁ። ከበሩ ስትገባ ጫማህን ታወልቃለህ። ፊት ለፊትህ ያለው ሰፊ ክፍል ወንበር የለውም፤ ከወለሉ ከፍ ከፍ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦች አሉ፣ ነደባ ይሏቸዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። አሚር ነደባ የሚባለው የአባወራው ቦታ ነው፤ እኔ ሳላውቅ ልቀመጥበት ስል የልጅ ልጃቸው በሳቅ ሞተች። መደቦቹ ምንጣፍና ትራስ ለብሰዋል፣ ጠርዛቸው ቀይ ነው። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌትና አበባ ባለበት የብረት ሳህን ተሸፍኗል። በስተጎን ደግሞ ኪርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች፤ አዲስ ሙሽሮች የጫጉላ ቀናቸውን የሚያሳልፉባት። ባለቤቴ እዚያ ካልተኛን ብላ ነበር፣ እኛ ግን የያዝነው ፎቁን ነው። ይህን ቤት ያስጌጠው ዲዛይነር አይደለም። ዘናጭነቱን ግን የትም ሆቴል አላየሁም።

ፎቁ ግን ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። እናቴን ይዤ ብመጣ ኖሮ ምድር ቤት ነበር የምጠይቀው። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰውም ይወቅ፤ ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የቆጠራቸው መስጊዶች 82 ናቸው። የንጋቱ አዛን ከየአቅጣጫው ይመጣል። እኔ ወደድኩት። ባለቤቴ በሁለተኛው ሌሊት ጆሮዋን በጥጥ ደፈነች።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ከሰዓት በኋላው ነው። ሐረር ከምሳ በኋላ ጋደም ትላለች። ሱቁ ይዘጋጋል፣ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ሰዉም ቤቱ ይገባል። አዲስ አበባ የለመደ ሰው ያኔ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ሐረር ላይ ማደሪያ ሲመረጥ ለመኝታ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ሰዓት የምትቀመጥበት ጥላ ያለው ግቢ ያስፈልጋል። እኛ ቡናችንን እየጠጣን እዚያው ዋልን። ውጭ ካለ ሆቴል ብንሆን ኖሮ አልጋ ላይ ተጋድመን ቴሌቪዥን ነበር የምናየው።

ማታ ሰው ጅብ ሲያበላ ለማየት ከግንቡ ውጭ መውጣት አለ። መብራት ከጠፋ ጠባቡ መንገድ ለማያውቀው ያምታታል፣ ጅቦቹም ቢሆኑ በግንቡ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሰው አይነኩም ይላል አገሬው። እኔ ግን የቤቱ ልጅ በባትሪ እንዲያመጣን ቀድሜ ተነጋግሬ ነበር።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በስልክ የተነገረኝ ኢንተርኔት ላይ ካየሁት አነሰ። ለአገር ቤት ሰውና ለፈረንጅ የተለያየ ዋጋ የሚጠሩ ብዙ ናቸው። በአማርኛ ደውሎ መጠየቅ ያዋጣል። ቁርስ ይጨምራል ወይ የሚለውንም አትርሱ። እኛ ቤት ይጨምራል፤ ትኩስ ፈጢራ በማር ነበር።

ባለቤቴ አሁንም በአንድ ነገር አትስማማም። ለእሷ አንድ ሌሊት ጀጎል፣ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ ነው የሚሻለው፤ አውሮፕላኑም የሚነሳው ከዚያ ነው። እውነት አላት፣ በተለይ በረራው የጠዋት ከሆነ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል በሌሊት ከመውረድ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ማደር ይሻላል። እዚያ ግን ስትደውሉ የምትጠይቁት ጥያቄ ይቀየራል። ስለ ውበቱ ሳይሆን ኤሲው ይሠራል ወይ፣ መብራት ሲጠፋስ ጄነሬተሩ ኤሲውን ይችላል ወይ ብላችሁ ነው። በታኅሣሥ ያለ ኤሲም ይታደራል። በግንቦት አይሞከርም።