በመጥረጊያ እንጨት የለካነው ባሕር ዳርቻ

ነገሩ የጀመረው በልጄ የቤት ሥራ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። "የሚለዋወጥ ነገር ምረጡና ክረምቱን ሙሉ ተከታተሉ" ተባሉ። ክረምት ስል የዚህን አገር ነው፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን። ጓደኞቿ ባቄላ ዘሩ። እኛ የምንኖረው እስራኤል፣ አሽዶድ ነው፤ ከቤታችን እስከ ባሕሩ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። እና ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "ባሕር ዳርቻውን እንለካ" አልኳት። "አሸዋ ደግሞ ምን ይለወጣል አባ?" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእሷ የተሻለ አላውቅም ነበር።

ዘዴው የእኔ ፈጠራ አይደለም። ኬኔት ኤመሪ የሚባል አሜሪካዊ የባሕር ጂኦሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1961 ያስተዋወቀው ነው፤ ደስ የሚለው ምንም ወጪ የለውም። ሁለት የመጥረጊያ እንጨት እኩል አንድ ሜትር ተኩል አድርገን ቆረጥን። ከጫፍ ጀምረን ወደ ታች በየሴንቲሜትሩ በማርከር አሰመርን። በአንድ ሜትር ተኩል ገመድ አያያዝናቸው። ልጄ አንዱን ይዛ በባሕሩ በኩል ትቆማለች፣ እኔ ሌላውን ይዤ ከኋላዋ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ የእሷን እንጨት ጫፍ ባሕርና ሰማይ ከሚገናኙበት መስመር ጋር አገጥማለሁ። እይታዬ በእኔ እንጨት ላይ ከጫፉ ስምንት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ካረፈ፣ አሸዋው በዚያች ሜትር ተኩል ውስጥ ስምንት ሴንቲሜትር ወርዷል ማለት ነው። መጻፍ፣ አንድ ገመድ ወደፊት መሄድ፣ እንደገና ማየት። ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ጋ እስኪደርስ። በየዓርብ ጠዋቱ ይህ ሆነ ሥራችን፤ ቡና የሚጠጡ ሽማግሌዎች ወንበራቸውን አዙረው ያዩን ነበር።

የመጀመሪያዋ ቅሌት መነሻችን ናት። ሁልጊዜ የምንጀምረው ከአንድ የቆሻሻ ገንዳ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዳርቻው በአራት ሜትር ሰፍቶ ተገኘ። በሰባት ቀን! እኔ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር አወራሁ። በሚቀጥለው ዓርብ ልጄ ቆም ብላ፣ "አባ፣ ገንዳው እኮ ከመብራት እንጨቱ በዚያ በኩል ነበር" አለች። አንዱ ገንዳውን ወደ መንገዱ ጎትቶታል፣ ባሕሩ ምንም አልሠራም። ከዚያ በኋላ መነሻችን የድንጋይ ደረጃው ሦስተኛ እርከን ሆነ። ልትሞክሩት ካሰባችሁ የማይነቃነቅ ነገር ላይ ምልክት አድርጉ፣ ፎቶም አንሱት።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይብሳል። ጥር ላይ ለሦስት ቀን ማዕበል ነበር። ሲበርድ ሄድን። ዳርቻው የለም ብል ይቀለኛል። ውሃው ወደ እኛ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ገብቷል፣ መሐል ላይ አሸዋው ሰባ ሴንቲሜትር ወርዷል፣ በበጋ ልጆች ቤተ መንግሥት የሚሠሩበት ቦታ ላይ ጠጠርና የዛጎል ስብርባሪ ብቻ ቀርቷል። እዚህ አካባቢ የባሕሩ ከፍታና ዝቅታ በቀን ውስጥ ግማሽ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ በዚያ አይመካኝም። "ዳርቻችን አለቀለት" ብዬ ለቤተሰቡ ሁሉ በስልክ አረዳሁ።

አላለቀም ነበር። አሸዋው ያለው ውሃው ውስጥ ነው። የማዕበል ጊዜ ሞገዶቹ ቁመታም ናቸው፣ ተደራርበው ነው የሚመጡት፤ የመጀመሪያው ውሃ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርሳል፣ ሲመለስም አሸዋ ይዞ ይመለሳል። ያንን ከዳርቻው ወጣ ብሎ እንደ እርከን ይከምረዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሞገድ እርከኑ ላይ ተሰብሮ ጉልበቱን እዚያ ይጨርሳል። ከሩቅ በሚፈነዳው ነጭ አረፋ ታውቁታላችሁ። በጸጥታው ወቅት ደግሞ ዝቅ ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሞገዶች ያንኑ አሸዋ ትንሽ ትንሽ እየገፉ ይመልሱታል። ሚያዝያ ላይ ስንለካ ሰባው ሴንቲሜትር ጉድጓድ ሃያ ሆኖ ነበር። ቤተሰቡን እንደገና ደወልኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

ግን የሚሄደው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ብቻ አይደለም። ይህን ያሳየን ብርቱካን ነው። ብርቱካን ውሃ ውስጥ አብዛኛው አካሉ ስለሚሰምጥ ነፋስ ብዙ አይገፋውም፣ ከውሃው ጋር ነው የሚሄደው። አምስት ወረወርን። ሞገዱ ከጎን ዘንበል ብሎ ነበር የሚመጣው፣ አሸዋው ላይ ሰያፍ ይወጣል፣ ሲመለስ ግን ቁልቁለቱን ይዞ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እንደገና ሰያፍ፣ እንደገና ቀጥታ። በአሥር ደቂቃ ብርቱካኖቹ በስተሰሜን ስድሳ ሜትር ያህል ሄዱ። ልጄ አንዱን ልታወጣ ስትሮጥ ክንዷን ይዤ አስቀረኋት፤ በእርከኑ ክፍተት ወደ ጥልቁ የሚወጣው ውሃ ዋናተኛም ይወስዳል፣ ብርቱካን ደግሞ ገበያ ሞልቷል። በሌላ ቀን ስንሞክር ወደ ደቡብ ሄዱ፣ ሞገዱ ከሰሜን ምዕራብ ነበርና። የዓመቱ ሒሳብ ግን ወደ ሰሜን ነው።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ነው ነገሩ ሌላ መልክ የያዘው። እማዬ የደምቢያ ልጅ ናት፣ ጣናን እያየች ነው ያደገችው። "አሸዋው ከየት ነው የሚመጣው?" አለች። ከዓባይ፣ አልኳት። ዓባይ ግብፅ ላይ ባሕር ሲገባ የጣለው አሸዋ በሲና አድርጎ፣ ጋዛን አልፎ፣ በእኛ በር በኩል እስከ ሃይፋ ድረስ ይጓዛል። ዝም አለች። ከዚያ "ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" ብላ ተረተች፤ "እኛስ እዚህ ደርሰን የለ፣ አፈራችን ቀድሞን ነው እንጂ።"

ልቧን ላለመስበር ብዬ ያልነገርኳት ነገር አለ፣ እዚህ ልጻፈው። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚታጠበው አፈር አብዛኛው ደቃቅ ጭቃ ነው፤ ጭቃ ዳርቻ ላይ አይቀርም፣ ቀሎ ወደ ጥልቁ ይሄዳል። አሸዋችን አብዛኛው ኳርትዝ የሚባል ጠንካራ፣ ነጣ ያለ ማዕድን ነው፣ ብዙውም ወንዙ በሱዳንና በግብፅ ካሉ የቆዩ ድንጋዮች የሰበሰበው ነው። ከደጋችን ጥቁር ድንጋይ፣ ከባዛልቱ የሚመጡት ጥቋቁሮቹ ከባድ ፍሬዎች ናቸው፣ እነሱም ጥቂት። ከማዕበሉ በኋላ ቀላሉ አሸዋ ሲታጠብ እነሱ በጥቁር መስመር ይቀራሉ። ማግኔት በፌስታል ጠቅልለን ስናንከባልልበት አንዳንዶቹ እንደ ጢም ቆሙበት። የተሳበው ፍሬ አገሩ የት እንደሆነ ማግኔቱ አይናገርም፣ ያም ሆኖ እማዬ በትንሽ ብልቃጥ አስቀምጣዋለች።

መንገዱ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ግብፅ ውስጥ ያለው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ደለሉ የሚቀረው ከግድቡ ጀርባ ነው። ባሕሩ አሸዋውን አሁን የሚወስደው ከዴልታው ከራሱ፣ ዓባይ ባሕር ሲገባ ደለሉን ከከመረበት ምድር ነው፤ ራሺድ በሚባለው የወንዙ አፍ ላይ የዴልታው ጫፍ ብዙ ተበልቷል። እዚህ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ሥራ የጀመረው የአሽዶድ ወደብ ግንቡን ባሕር ውስጥ ዘርግቶ ከደቡብ የሚመጣውን አሸዋ ያግዳል። ከግንቡ በስተደቡብ ይከማቻል፣ በስተሰሜን ይጎድላል። እኛ ደቡቡ ላይ ነን። የለካነው ስፋት ከፊሉ የጎረቤት ድርሻ ነው ማለት ነው።

ስለ አሸዋ ጉብታዎቹ (ልጆቻችን በዕብራይስጥ ዲዩና የሚሏቸው) ያወቅኩት በጫማዬ ነው። ነፋሻ ቀን ከአሽዶድ በስተደቡብ ወዳለው የአሸዋ ጉብታ ቦታ፣ ኒጻኒም ሄደን ጫማዬን አውልቄ ተውኩት። ደረቅ አሸዋ አየር ላይ አይንሳፈፍም፣ እየዘለለ ነው የሚሄደው፣ ቅልጥሜን እንደ መርፌ ነው የወጋኝ፤ ጉልበቴ ላይ ግን ምንም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ከጫማው ጀርባ አንድ ክንድ የሚሆን የአሸዋ ጅራት ተዘርግቷል። ጉብታ የሚጀምረው እንዲህ ነው። በጫማው ፋንታ ቁጥቋጦ ብታደርጉ፣ አሸዋ ሲቀብረው ወደ ላይ የሚያድግ ሣር ብታደርጉ፣ ጉብታውም አብሮ ያድጋል። ሣሩ ከተረገጠ ነፋሱ መልሶ ይፈታዋል። እኔ ራሴ በአቋራጭ ስወርድ ስንት ጊዜ ረግጬዋለሁ።

ሪፖርቱ ሲጻፍ ከልጄ ጋር ተጣላን። የገንዳውን ሦስት ሳምንት እናውጣው አልኩ፣ ያሳፍራል። እምቢ አለች። ግራፉን እንዳለ አስቀምጣ ከሥሩ "እዚህ ጋ የተንቀሳቀሰው ገንዳው ነው" ብላ ጻፈች። ከመቶ ዘጠና አራት አገኘች። ስድስቱ የተቀነሰው በፊደል ግድፈት ነው።