የሐበሻ በር አንኳኩቶ ድምፅ መጠየቅ፦ ከቨርጂኒያ የተማርኩት

በ2023 ጸደይ ላይ (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ለስቴቱ ምክር ቤት ለሚወዳደር አንድ ሰው በር ሳንኳኳ ከረምኩ። ማን እንደሆነ አልናገርም። ለማወራው ነገር እሱ አያስፈልግም፣ ደግሞ ስሙን ብጠራው ግማሻችሁ ማንበቡን ትታችሁ ከእኔ ጋር መጨቃጨቅ ትጀምራላችሁ።

ምርጫው ጁን 20 የተደረገው ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው የራሱን እጩ የሚለይበት ምርጫ፣ ነበር። እኛ አካባቢ ብዙው ወንበር ባለቤቱን የሚያገኘው በፕራይመሪው ነው፣ የኖቬምበሩ ብዙ ጊዜ ማሟያ ነው። ችግሩ ጁን ላይ ምርጫ መኖሩን የሚያውቅ ሐበሻ ጥቂት መሆኑ ነው። ካምፔኑም እኔን የፈለገኝ ለዚሁ ነው። አማርኛ የምትናገር፣ አሌክሳንድሪያና ቤይሊስ ክሮስሮድስ ያሉትን ረጃጅም አፓርትመንቶች የምታውቅ፣ ሊፍት ውስጥ "ሰላም ነው?" ብላ ወሬ የምትጀምር ሰው ነበር የቸገራቸው። ህንፃው ውስጥ መግባት ራሱ አንድ ሥራ ነው፤ ከፎቅ በሩን የሚከፍትልሽ የምታውቂው ሰው ከሌለ እታች ቆመሽ ትመለሻለሽ።

ስልኬ ላይ ዝርዝር ይጫንልኛል። ስም፣ አድራሻ፣ ዕድሜ፣ ባለፉት ምርጫዎች ወጥቶ መምረጥ አለመምረጡ። ካነጋገርኩት በኋላ ከ1 እስከ 5 ቁጥር እሰጠዋለሁ። 1 ማለት የእኛ ነው፣ 5 ማለት ተዉት አታድርቁት። ሥርዓቱ እኛን አስቦ እንዳልተሠራ ግን ወዲያው ያስታውቃል። ባልና ሚስት የአባት ስማቸው ስለሚለያይ አንድ ቤት የተጋሩ ደባሎች ይመስሉታል። ፈረንጁ ባልደረባዬ ደግሞ ሰውየውን በአባቱ ስም ሚስተር እያለ ይጠራዋል፣ አባትየው አገር ቤት ከተቀበሩ ስንት ዓመታቸው።

በር ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ስለ እጩው አይደለም። "ስሜን ከየት አገኘሽው?" ነው። ይሄን ጥያቄ ቀለል አድርጎ ያለፈ ቀስቃሽ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። እስቲ አስቡት። ዝርዝር የያዘ ሰው በር አንኳኩቶ "ልትመርጪ ነው?" ሲል እኛ ትዝ የሚለን ቀበሌ ነው። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ አገር ቤት የነበረ ሰው አንድ ለአምስት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ "ካርድ አወጣሽ ወይ?" ብላ የምትመጣው ጎረቤትሽ ናት፣ የምትመልሺላት መልስ ደግሞ የሆነ ቦታ ይደርሳል ብለሽ ትፈሪያለሽ። የዚያን ዓመት ከ547 ወንበር 545ቱን ኢህአዴግና አጋሮቹ ወሰዱት። በዚያ ውስጥ ያለፈ ሰው አሜሪካ ስለገባ ብቻ ለበር አንኳኪ ልቡን አይከፍትም፣ ክፈት ብዬም አልፈርድበትም።

ስለዚህ ሳይጠይቁኝ ቀድሜ እናገር ነበር። የመራጮች መዝገብ እዚህ ለእጩዎችና ለፓርቲዎች በሕግ ይሸጣል። መምረጥሽ ይታያል። በፕራይመሪ የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት እንደወሰድሽም ይታያል። ማንን እንደመረጥሽ ግን ማንም አያይም፣ እኔም፣ እጩውም፣ መንግሥትም። ከመንግሥት አልተላክሁም፣ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። አንዲት ነርሲንግ ሆም የምትሠራ ሴትዮ ይሄን ሁሉ ካዳመጠችኝ በኋላ "ወረቀቱ ላይ ስሜን እጽፋለሁ እንዴ?" አለችኝ። አትጽፊም አልኳት። ትንሽ አየችኝና "ግቢ፣ ቡና እያፈላሁ ነው" አለች።

ካምፔኑ ለአንድ በር የሚመድበው ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ ቡናው ተቆልቶም አያልቅ። የመስክ ኃላፊው፣ ከኮሌጅ ገና የወጣ ደግ ልጅ ነው፣ ያንኳኳሁት በር ከሌሎቹ ማነሱን በየጊዜው ያነሳብኝ ነበር። ግን ቡና ላይ አንድ ሰው ብቻ አይቀመጥም። ጎረቤት ትመጣለች፣ እህት ትመጣለች፣ በስልክ በስፒከር የምትገባም አለች። በኮሪደር በር ለበር ስዞር የማላገኛቸውን ሴቶች እዚያ አገኛቸዋለሁ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላም ወሬው እዚያው ይቀጥላል። ይሄን ቁጥር የሚያስገባበት ቦታ ስልኩ ላይ የለም።

የተሰጠን ንግግር ነበር፣ ስለ ትምህርት በጀት፣ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ እጩው የሕይወት ታሪክ። ክፋት የለውም። ግን በቃሉ የሸመደደውን የሚያነብን ሰው ማን ይሰማዋል? እኔ ንግግሩን ትቼ "እዚህ አካባቢ ኑሮን ያከበደብህ ምንድነው?" ብዬ ጠይቄ ዝም እል ነበር። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው፤ ሰው ሲያስብ መሃል ገብተን መሙላት እንወዳለን።

አንድ የኡበር ሹፌር "እኔ ፖለቲካ አልወድም፣ እህቴ ጊዜሽን አታቃጥይ" ብሎኝ በሩን ሊዘጋ ሲል ይሄንኑ ጠየቅሁት። 66 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ስላለው ቶል፣ ስለ መንገድ ክፍያው ጀመረ። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ዋሽንግተንን ከሚዞረው ቀለበት መንገድ ከቤልትዌይ ውስጥ ባለው ክፍል በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻውን የሚነዳ ይከፍላል፣ ዋጋውም እንደ መኪናው ብዛት ይወጣል ይወርዳል። ተሳፋሪ አውርዶ ባዶውን ሲመለስ ምን ያህል እንደሚቆጥርበት በሳንቲም ነው የሚያውቀው። "ይሄን የወሰነው ማን ይመስልሃል?" አልኩት። ዋይት ሀውስ መሰለው። ስቴቱ እንደሆነ፣ ሪችመንድ ባለው የስቴቱ ምክር ቤት የሚቀመጡት ሰዎች እንደሚመለከታቸው፣ እኔም የመጣሁት ከእነሱ አንዱን ለማስመረጥ እንደሆነ ስነግረው በሩን እንደገና ከፈተው። እጩዬ ቶሉን ያነሳልሃል አላልኩትም፣ አያነሳማ። የእጩውን ቢሮ ስልክ ሰጠሁትና ራስህ ጠይቀው አልኩት። ደወለ። ይህ ሰው ፖለቲካ አልወድም ያለው ፖለቲካ ማለት ፕሬዚዳንትና የአገር ቤት ጣጣ ብቻ ስለመሰለው ነው።

ስለ አገር ቤት ከተነሳ፣ "ስለ ኢትዮጵያ ምን አቋም አለው?" የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። በ2021 የገዥው ምርጫ ጊዜ የባይደን አስተዳደር በትግራዩ ጦርነት ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ የኢትዮጵያውያን ቡድኖች ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ድምፅ ስጡ ብለው ሲቀሰቅሱ ነበር፣ ያንግኪንም በ2 በመቶ ገደማ ልዩነት አሸንፏል። የቨርጂኒያ ገዥ በውጭ ጉዳይ ላይ ሥልጣን የለውም። ቢሆንም ቅስቀሳው ሰው አንቀሳቅሷል፣ ምክንያቱም ቀስቃሹ የራስ ሰው ነበር፣ ንዴቱም የጋራ ነበር። እኔ ያንን መንገድ መጠቀም እችል ነበር። "ለእኛ ያስባል" ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ብወረውር ስንቱ በር ይከፈትልኝ ነበር። አልወረወርኩም። የስቴት ምክር ቤት አባል በዚህ ጉዳይ ምንም ማድረግ አይችልም እላለሁ፣ አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል፣ አንዳንዱ ግን "ቢያንስ አትዋሺም" ብሎ ቀሪውን ይሰማኛል።

ሐሳብ ማስቀየርን በተመለከተ ተመራማሪዎቹ የሚሉት ብዙ ቀስቃሽን ያስከፋል። ጆሹዋ ካላና ዴቪድ ብሩክማን በ2018 ባወጡት ጥናት 49 የመስክ ሙከራዎችን አንድ ላይ አይተው፣ በጠቅላላ ምርጫ በር ማንኳኳትም ሆነ ማስታወቂያ ሰዎች እጩ እንዲቀይሩ የማድረግ ኃይሉ በአማካይ ዜሮ ነው አሉ። ሁለቱ ፓርቲዎች ከስሙ ጎን ተጽፈው ሲቀርቡ ሰው አስቀድሞ ጨርሷል። ፕራይመሪ ላይ ግን ሁሉም እጩ የአንድ ፓርቲ ነው፣ መለያ የለም፣ ስሙንም የሚያውቅ የለም፤ እዚያ ወሬ ዋጋ አለው። እኔም ያየሁት ይሄንኑ ነው። ጠንካራ አቋም ያለውን ሰው በክርክር ስትገፊው ይበልጥ ይጠነክራል። "ማን ነው ደግሞ እሱ?" የሚለውን ሰው ግን በአንድ ሲኒ ቡና ታገኚዋለሽ።

ከሁሉም የሚያስቸግረው "የእኔ አንድ ድምፅ ምን ታመጣለች?" የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ቨርጂኒያ ራሷ ሰጥታኛለች። 2017፣ ኒውፖርት ኒውስ፣ 94ኛው የምርጫ ክልል። ለስቴቱ ምክር ቤት ወንበር ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ ዴሞክራቷን ሼሊ ሲሞንድስን በ10 ድምፅ መራ። እንደገና ሲቆጠር እሷ በ1 ድምፅ አሸነፈች። በማግስቱ ዳኞች አንዲት አከራካሪ ወረቀት ለእሱ ትቆጠር አሉ፣ እኩል ሆኑ፣ 11,608 ለ11,608። ሕጉ ዕጣ ይውጣ ይላል። ጃንዋሪ 4፣ 2018 ስማቸው በሁለት የድሮ ፊልም ማስቀመጫ ቢልቃጥ ውስጥ ገብቶ፣ ከሙዚየም በመጣ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተደርጎ፣ በካሜራ ፊት ወጣ። ያንሲ ሆነ። ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዙት።

ፓርኪንግ ሠርተው ጡረታ ለወጡ አንድ ጋሼ ይሄን ስነግራቸው "እቁብ ነው እንዴ!" ብለው ሳቁ፣ ከዚያ ግን ሳቃቸው ቆመና "አንድ ሰው እንቅልፍ ይዞት ቀርቶ ነው ማለት ነው" አሉ። እኔ ከእሳቸው የተሻለ አልተናገርኩትም። በኋላ እድራቸው ላይ ለሁሉም ሲያወሩት እንደነበር ሰማሁ፣ ቁጥሩን እንኳን ሳይስቱ።

ይሉኝታን ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ሐበሻ በሩ ላይ የቆመን ሰው እምቢ አይልም። "እንመርጣለን፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ውሃ ላምጣልሽ?" ይላል። ያንን ሁሉ 1 ብለሽ ብታስገቢ እጩሽ በ90 በመቶ ያሸንፋል። እኔ ቁጥር የምሰጠው ቀጥሎ ለሚመጣው ጥያቄ በሚሰጡት መልስ ነበር፦ መቼ ነው የምትሄጂው? ከሥራ በፊት ወይስ በኋላ? በማን መኪና? ሊሄድ ያላሰበ ሰው እዚህ ጋ መንተባተብ ይጀምራል፣ የሚያስበው ደግሞ እየተናገረ ፕላን ያወጣል። የማታ ፈረቃ የምትሠራ ሴት ማክሰኞ ጠዋት ደክማ ተኝታለች፣ ጣቢያው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት መሆኑ ምንም አይረዳትም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከምርጫው ቀን 45 ቀን ቀደም ብሎ በአካል መምረጥ እንደሚቻል ስነግራት ግን እረፍቷ ሐሙስ መሆኑን ነገረችኝ። መታወቂያ ቸገረኝ ለሚለውም የመብራት ደረሰኝ ወይም የባንክ ወረቀት ይበቃል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ደግሞ አይመርጥም፣ ይሄን አጥብቄ ነው የምናገረው፣ በስህተት የተመዘገበ ሰው ዜግነቱ ላይ ጣጣ ይመጣበታል።

መጨረሻ አካባቢ ካምፔኑ ውስጥ አንድ ሰው የሚሺጋኑን ደብዳቤ እንሞክር አለ። በ2006 የተደረገ ታዋቂ ሙከራ ነው። ለመራጮች የእነሱና የጎረቤቶቻቸው ስም ያለበት ደብዳቤ ተላከ፣ ባለፈው ማን እንደመረጠ ማን እንደቀረ ተዘርዝሮ፣ ከምርጫው በኋላም አዲስ ዝርዝር እንልካለን ተብሎ። ምንም ካልተላከላቸው 29.7 በመቶው ሲመርጡ፣ ይሄ ከደረሳቸው 37.8 በመቶው መረጡ። በምርጫ ቅስቀሳ ዓለም ይሄ ተአምር ነው። እኔ ግን በእኛ ህንፃዎች ይሄ ደብዳቤ ከተላከ ሥራዬን አቆማለሁ አልኩ። ቁጥሩን አልተከራከርኩም፣ ይሠራል። ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲጠብቅ የሚያደርግ ወረቀት ግን እነዚህ ሰዎች ጥለውት የመጡት ነገር ነው። አልተላከም። በምትኩ ቀድመው የመረጡ ሰዎች ለዘመዶቻቸው በዋትስአፕ በድምፅ መልእክት እንዲልኩ ጠየቅን። የአክስትሽ ልጅ "እኔ ሄጄ ነበር፣ ሰልፍ የለም፣ አምስት ደቂቃ ነው" ስትልሽ ከየትኛውም ያማረ ፍላየር ይበልጣል።

ቤተክርስቲያን በር ላይ ፍላየር መበተን የፈለጉም ነበሩ። ከግብር ነፃ የሆነ የሃይማኖት ተቋም እጩ መደገፍ በሕግ አይፈቀድለትም፣ ካህናቱን ችግር ውስጥ መክተት ነው። ያለ ማንም ስም ሰው መመዝገብ ግን ይቻላል፣ ያንን አደረግን።

የምርጫው ቀን ከጣቢያው በር 40 ጫማ ርቀን የድምፅ መስጫውን ናሙና ወረቀት ስናድል ዋልን። ተሸነፍን፣ በጣም አልራቅንም። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ለኖቬምበሩ ቀድሞ መምረጥ ሲጀመር ስልኬ መጮህ ጀመረ። "አሁንስ ማንን ልምረጥ?" ይሉኛል። ይሄ ደስም ይላል፣ ያስፈራልም፤ የማሳመን ሥራ ሲሳካ ሰው ማሰቡን ላንቺ ሊተውልሽ ይፈልጋል። ናሙና ወረቀቱን በቴሌግራም እልካለሁ፣ የማውቃቸውን እጩዎች ለምን እንደምመርጥ እናገራለሁ፣ የትምህርት ቦርዱን ግን አላጠናሁትም፣ አብረን እናንብብ እላለሁ። አንዷ ተናደደችብኝ። "አንቺ ካላወቅሽ ታዲያ ማን ሊያውቅ ነው?" አለችኝ። "ልጆችሽ" አልኳት፤ ሁለቱም እዚያው ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት።